«እኔ በልቻለሁ»

እናቴ ውሸት አትወድም። አንድ ውሸት ግን ዕድሜዋን ሙሉ ዋሽታለች። «እኔ በልቻለሁ» የሚለውን።

ያደግሁት ደብረ ታቦር አቅራቢያ ነው። አምስት ልጆች ነበርን። ምሳ ሲቀርብ አባቴ ቀድሞ ይታጠባል። እንግዳ ካለ አብሮት ይቀርባል። ከዚያ ወንድሞቼ፣ ከዚያ እኛ ሴቶቹ። እናቴ ቆማ ወጥ ትጨምራለች። ውኃ ትቀዳለች። ትንሹን ልጅ አዝላ ታባብላለች። አባቴ «ነይ እንጂ፣ ቅመሽ» ሲላት «እኔ በልቻለሁ፣ ስጋግር በልቻለሁ» ትላለች። እውነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ውኃ ልጠጣ ጓዳ ስገባ አገኘኋት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከእኛ የተረፈውን ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሽሮውን ጠርዝ በደረቅ እንጀራ እየጠረገች ትበላለች። ስታየኝ ደንገጥ አለች። የሰረቀች ይመስል።

ያን ቀን ምንም አልመሰለኝም። ነገሩ ትዝ ያለኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የመጀመሪያ ልጄን የአምስት ወር እርጉዝ ሆኜ፣ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ራሴን ስቼ ወደቅሁ።

ሰዎች ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ደሜ ተለካ። ከብረት የሚሠራውና በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢኔ 8.9 ሆነ። ነፍሰ ጡር ሴት ከ11 በታች ከሆነች ደም ማነስ አለባት ይባላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የደጋ ሰው ሄሞግሎቢን ከቆላው ሰው ከፍ ማለት ነበረበት። ስለዚህ የኔ 8.9 ከሚመስለውም በላይ ያሳስብ ነበር። ነርሷ ወረቀቱን አየችና «አንቺ፣ እንዴት ቆመሽ ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

ድካሙን ስለለመድኩት ጠባዬ ይመስለኝ ነበር። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ይጨልማል። ከዝናብ በኋላ የሚሸት እርጥብ አፈር ያስጎመጀኛል። የጭቃ ግድግዳ ሳይ ምራቄ ይሞላል። ለአክስቴ ስነግራት «አምሮት ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» ብላ ሳቀች። እኛ አገር አፈር የሚያምራት ነፍሰ ጡር ብርቅ አይደለችም። ያ አምሮት ግን ብዙ ጊዜ ሰውነት ብረት እንዳጠረው ምልክት ነው። አፈሩ ብረቱን አይመልስም። ትል ይዞ ሊገባም ይችላል።

አንድ እርግዝና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ብረት ይፈልጋል። 1 ግራም ሲሰሙት ምንም አይደለም፣ ከቁንጥጫ ጨው አይበልጥም። ግን አንዲት ሴት በሰውነቷ ያጠራቀመችው ብረት ብዙ ጊዜ የዚህን ሲሶ አይሞላም። ቀሪው ከምትበላው ነው የሚመጣው። የምትበላው ደግሞ የትሪው ጠርዝ ከሆነ?

«እኔ እኮ ጤፍ ነው የምበላው» ብዬ ተከራክሬ ነበር። ሁላችንም የምንለው ነው። ጤፍ ብረት አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን በምርመራ ከሚገኘው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ፣ በበሬ ሲበራይ፣ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ነው። ሰውነት እሱን እንደ ልብ አይወስደውም። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት ከሚባል ነገር ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ሊጡ ሲቦካ ይህ ማጣበቂያ ይላላል። አብሲት ጥለው፣ ቀን ቆጥረው የሚያቦኩ እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁት ሥራውን ሠርተውታል።

ከዚያ ከምሳ በኋላ ቡና ይፈላል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር፣ ወይም እንደተበላ ወዲያው ሲጠጡ፣ ከእህል የሚገኘውን ብረት ይይዙታል። ወደ ደም የሚገባው በግማሽ አካባቢ ሊወርድ ይችላል። አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ይሻላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግ ደግሞ ያግዛል። ይህንን በዚያን ጊዜ አላውቅም። ጤና ጣቢያ የተሰጠኝን የብረት ኪኒን፣ አይረኑን፣ የምውጠው በቡና ነበር!

ኪኒኑን የሰጡኝ በወረቀት ጠቅልለው ነው። «በቀን አንድ» ብቻ ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ሆዴ ተገለበጠ፣ ሰገራዬ እንደ ከሰል ጠቆረ። የምደማ መስሎኝ ተውኩት። መጥቆሩ የሚጠበቅ መሆኑን፣ ማቅለሽለሹም ማታ ከእራት ጋር ሲወሰድ እንደሚቀል የነገረኝ አልነበረም። በወረፋው ርዝመት ያቺን ነርስ አልወቅሳትም፤ ከኋላዬ አርባ ሴት ተቀምጣ ነበር። ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትጨምርልኝ ሁለት ወር አልባክንም ነበር።

ብቻዬን አልነበርኩም። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ በእርግዝናቸው አይረን ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱ እናቶች ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 24ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በላይ ከሲታ ነበሩ። ደም ማነሱ ከአምስት ዓመት በፊት በተደረገው ጥናት 17 ነበር። ወደ ታች ይወርዳል ሲባል ወደ ላይ ወጣ።

ከሁሉም የከነከነኝ ሌላ ቁጥር ነው። ጎጃምና ጎንደር እህል የሚታፈስበት አገር ነው። አዲስ አበባ ለምንበላው ብዙ ጤፍ ከዚያ ይጫናል። በዚያው ጥናት ግን አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ያኔ ከሁሉም ክልል የከፋው እሱ ነበር። ልጅ ደግሞ መቀንጨር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እናቱ ሆድ ውስጥ ነው። ጎተራው ሙሉ ሆኖ እናትየዋ ባዶ የምትሆንበትን መንገድ እኔ ቤታችን ውስጥ አይቼዋለሁ።

ዶሮዎቹ የእናቴ ነበሩ። የምትመግባቸው፣ ከጭልፊት የምትጠብቃቸው እሷ ናት። እንቁላሉን ግን ስትበላ አይቻት አላውቅም። እንቁላል የጨው፣ የሳሙና፣ የደብተር መግዣ ነው። ቅዳሜ በጭድ ተጠቅልሎ ገበያ ይሄዳል። ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ይሸጣል። አጓቱ ለልጆች ነው። ቤት ውስጥ ሥጋ የሚታየው በዓመት በዓል ነው፤ የዶሮው ፈረሰኛ የማን እንደሆነ አበሻ ሁሉ ያውቃል። ለእናቴ የሚደርሳት ክንፍና አንገት ነው። ደግሞ «ክንፍ እወዳለሁ» ትላለች። አሁን ሳስበው እሱም ሌላ ውሸት ሳይሆን አይቀርም።

ማንም አልከለከላትም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጎርሳ እንድትሄድ ይለምናት ነበር። እሷን የያዛት ሌላ ነገር ነው። ወንድ ልጅ ደጋግሞ ሲበላ «ጎበዝ» ይባላል። ሴት ልጅ ስትደግም «ሆዳም» ትባላለች። ይህ ቃል እኔም ላይ በስምንት ዓመቴ ወርዶብኛል። እንጀራ ስጨምር አንዲት የአባቴ ዘመድ «ይቺ ሆዳም፣ ማን ሊያገባት ነው» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት ጠግቤ በልቼ አላውቅም።

አሁን ልቤን ወደሚበላው ነገር ልምጣ። ባህላችን ሴትን ማብላት አያውቅም ብል እዋሻለሁ። በደንብ ያውቃል። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ትዝ ይለኛል። እልልታው ገና ሳያልቅ ገንፎ ተገነፋ። መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ተሞላ። ጎረቤት በየተራ ድስት ይዞ ይመጣል። አጥሚት በማር ይጠጣል። አባቴ ሙክት አረደ። እናቴ የአራስ ቤት መጋረጃ ተጋርዶላት ትተኛለች። ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትሸከምም። እንግዳ ሲገባ «በልታለች?» ብሎ የሚጠይቀው ስለሷ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ አራስ እንደ እመቤት ናት። እናቴ ጉንጯ የሚሞላው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ፊቷ ሲያበራ አስታውሳለሁ።

ያቺው ሴት ከሳምንት በፊት፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ከምንጭ እንስራ አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር።

ለምን ይሆን የምንጠብቀው? ዘጠኝ ወር ሙሉ ሁለት ነፍስ ተሸክማ ስትኖር ገንፎው የት ነው? እናቴን ጠየቅኳት። መልሷ ቀላል ነበር። «ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ልጁ ይፋፋል። ሲፋፋ መውጫ ያጣል።» ወተት፣ እርጎ፣ ሙዝም አይመከርም ነበር፤ በልጁ ገላ ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል ይባላል።

መጀመሪያ ስሰማ ተናደድኩ። በኋላ ግን ፍርሃቱ ገባኝ። ቀዶ ጥገና በሌለበት፣ መንገድ በሌለበት አገር ልጅ ማኅፀን ውስጥ ሲቆም እናት ትሞታለች። በዓይናቸው አይተውታል። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በ100,000 በሕይወት በተወለዱ ሕፃናት ወደ 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት 412 ደርሷል። እነዚህ ሴቶች ያላቸው ብቸኛ መከላከያ አነስ አድርጎ መብላት ነበር። በሆዳቸው ነው ሲከላከሉ የኖሩት። መከላከያው ግን በአብዛኛው አይሠራም። ብዙ ጊዜ የጠበበው የእናትየዋ ዳሌ ነው። እሱም በልጅነቷ ያልበላችው ምግብ ነው፣ አጥንቷ ሳይጠና የተዳረችበት ዕድሜ ነው።

አያቴ በ13 ዓመቷ ተዳረች። ቁመቷ ከትከሻዬ አይደርስም ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ሦስት ቀን አምጣ ሞቶ ወለደችው። «እግዜር ጠርቶት ነው» ትላለች፣ ደጋግማ አታወራውም። እሷ ከዚያ ምጥ በሰላም ተነሳች። ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ ከቤት ወጥተው፣ ከሰው ርቀው የሚኖሩ ብዙዎች ነበሩ። ካትሪንና ሬጅናልድ ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች አዲስ አበባ ውስጥ የፊስቱላ ሆስፒታል የመሠረቱት (እ.ኤ.አ. በ1974) ለእነዚህ ሴቶች ነው። ሆስፒታሉ የሚጠግነው ቁስል ብዙ ጊዜ የተጀመረው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ትሪ ላይ ስትደርስ ወጡ አልቆ ሲጠብቃት ነው። ዛሬ የቤተሰብ ሕጉ ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች ይከለክላል፤ ሕጉ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሠርጉ ግን በክርስትና ወይም በተዝካር ስም ድግስ ተሸፍኖ ሲደረግ አይቻለሁ።

የአያቴ አንገት ላይ ንቅሳት ነበረ። ውብ ነበር። ከሥሩ ደግሞ እንቅርት። ንቅሳቱ እንቅርት ይከለክላል ይባል ነበር። እንቅርቱን የሚያመጣው ግን በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ነው፤ የደጋው አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ሄዷል። ነፍሰ ጡር አዮዲን ሲያጥራት የልጁ አእምሮ ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. የሚበላ ጨው አዮዲን እንዲገባበት ደንብ ወጣ። ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው አዮዲን ተነስንሶበት ገበያ ይገባ ጀመር። ይህንን የማነሳው ስለምወደው ነው። ሴትየዋ ምንም አልተጠየቀችም። ወረፋ አልያዘችም፣ ኪኒን አልዋጠችም፣ ከባሏ አላስፈቀደችም። ወጧን ጨው አደረገችበት፣ አለቀ። ብቻ ጨውን ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨምሩት፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ተከድኖ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ሲንተከተክ አዮዲኑ ይቀንሳል።

ስለ ጾምም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እኔ የምጾም ሰው ነኝ። በመጀመሪያው እርግዝናዬ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55ቱንም ቀን ልጾም ወስኜ ነበር። ደሜ 8.9 ሆኖ! ነፍስ አባቴ ሲሰሙ ተቆጡኝ። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን አታስገድድም። አንቺ ብትችዪ በሆድሽ ያለው ማን ጠየቀው?» አሉኝ። አልቅሼ ነው የተቀበልኳቸው። እናቴ ግን አምስታችንንም ስታረግዝ ጾማለች። የዱሮ ጎረቤቴ፣ ሙስሊም ናት፣ ረመዳንን እርጉዝ ሆና ትጾም ነበር፤ ሃይማኖቷ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ፈቃድ እንዳለው እያወቀች። ሁለቱም ጋ ፈቃዱ አለ። ሴቶቹ ፈቃዱን መቀበል ያፍራሉ። «ሰው ምን ይለኛል» ይላሉ። ቄስና ሼህ ከመድረኩ ላይ ሆነው፣ ወንዶቹ እየሰሙ፣ ደጋግመው ቢናገሩት ብዙ ነፍስ ይተርፋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ስለ ምግብ ስናወራ ደግሞ የሚወጣውን ጉልበት እንረሳለን። እንጦጦ መንገድ ላይ የባሕር ዛፍ ሸክም ይዘው የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው ይገባዋል። ሸክሙ ከራሳቸው ክብደት ብዙም አይተናነስም፤ ጎንበስ ብለው ፊታቸው አይታይም። ቁርሳቸው ሻይ በዳቦ ነው። ውኃ መቅዳቱ፣ እህል መውቀጡ፣ ጭስ ውስጥ ቆሞ መጋገሩ ሁሉ ከዚያችው ትሪ ጠርዝ ላይ ነው የሚከፈለው። ወባና የአንጀት ትል ደግሞ የቀረውን ይወስዳሉ።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ብዙ ለውጠዋል። ራሳቸው የገጠር ልጆች ናቸው፤ እናቴን «ክትትል ጀምሪ» ብሎ የሚያሳምን ከከተማ የሄደ ሐኪም አልነበረም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቆም ቃል ገባ። ከዚያ ጦርነት መጣ። ብዙ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ተዘረፈ፣ ፈረሰ። ቃሉ አሁንም ቃል ነው፤ ልጆቹ ግን አይጠብቁም።

ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ በኋላ ሁለት ሳምንት ዘግቼው ቆየሁ። ምክንያቱ የራሴ ቤት ነው። ቤቴ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ትሠራለች። ከገጠር ነው የመጣችው። አንድ ማታ ስለ እናቴ ጓዳ እየጻፍኩ ውኃ ልቀዳ ተነሳሁ። ወጥ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ማጠቢያው ጋ ቆማ፣ ልጆቼ ትተውት የተነሱትን ፍርፍር ትበላለች። ስታየኝ ደነገጠች። ሳህኑን ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

ያቺን ድንጋጤ አውቃታለሁ።

እናቴ ከጓዳ እንድትወጣ አሥር ዓመት ስመኝ፣ ጓዳው ውስጥ ሌላ ሴት አስገብቼ ነበር። ምግብ ከልክያት አላውቅም። «የፈለግሽውን ብዪ» ብያታለሁ፤ አባቴም ለእናቴ እንደዚያ ይላት ነበር። አሁን እራት ስንቀርብ አብራን ትቀመጣለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሁላችንም ከብዶን ነበር፤ እሷ ቀና ብላ አትጎርስም፣ ልጆቹም ዝም ይላሉ። እንቁላሉ ተቆጥሮ ነው የሚጠበሰው፤ ለሷም አንድ አለ። ባለፈው ወር ደሟን አስለካኋት። 10.2። አይረኑን እንዴት እንደምትወስደው አስረዳኋት፤ ማታ ከእራት ጋር፣ ቡና ሳይሆን ውኃ፣ ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ።

ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር ናት። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። እናቴ ባለፈው ሳምንት ልትጠይቃት ሄደች። የገብስ ዱቄትና ቅቤ ጭና ነው የሄደችው። እህቴ በስልክ ነገረችኝ። እንደገባች ነጠላዋን አስቀምጣ ገንፎ ማገንፋት ጀመረች። የግቢው ሴቶች ሽታውን ተከትለው መጡ፣ ወለደች ብለው። «ምነው እማማ፣ ገና ሳትወልድ ገንፎ?» ቢሏት፣ «ኋላማ ሁሉም ያበላታል» አለቻቸው።

እህቴ ጎረሰች። እናቴ ቆማ ታያታለች። «እማዬ፣ አንቺስ?» አለቻት።

እናቴ አፏን ከፈተች። ልትለው ነበር፤ እህቴ ምን ልትል እንደነበር ታውቃለች። ከዚያ ዝም አለችና ሌላ ማንኪያ ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት ገባች።